ዶፓሚን ሲጎድል፦ የሊቮዶፓና ካርቢዶፓ 250/25 ኪኒን ግምገማ ለጅማ ታካሚዎች

ለፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘው ይህ ኪኒን ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ይዟል፤ 250 ሚሊ ግራም ሊቮዶፓ እና 25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ። ፍርዱን ከፊት ለማስቀመጥ፣ እንቅስቃሴው ለዘገየና እጅ እግሩ ለተገተረ ሰው እስካሁን ከሊቮዶፓ የበለጠ የሚዋጥ መድኃኒት አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ «ወሰድኩት፣ ምንም አልጠቀመኝም» የሚል ቅሬታ በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ደጋግሞ ይሰማል። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኪኒኑ አይደለም። ከፉል ጋር ተውጧል፣ ከደም ማነስ ኪኒን ጋር ተውጧል፣ ወይም ዶፓሚንን የሚያግድ ሌላ መድኃኒት ከጎኑ ታዟል። በዚህ ምክንያት ግምገማው ስለ ኪኒኑ ከሚለው ይልቅ ስለ አወሳሰዱ የሚለው ይበዛል።

ዶፓሚን ምን ይሠራል?

ዶፓሚን አንድ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል ነው። በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ሰብስታንሺያ ኒግራ የሚባል፣ በሕዋሶቹ ቀለም የተነሳ ጠቆር ብሎ የሚታይ ቦታ አለ። ከዚያ የሚነሱ ነርቮች ስትሪያተም ወደሚባለው ክፍል ደርሰው ዶፓሚን ይለቃሉ። አንድ እንቅስቃሴ በታሰበበት ቅጽበት እንዲጀመር፣ በሚገባው ፍጥነትና ስፋት እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ መስመር ነው። ፓርኪንሰን እነዚህን ሕዋሶች ቀስ በቀስ ይገድላል። ምልክቱ በግልጽ በሚታይበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል፤ ስትሪያተም ውስጥ ያለው የዶፓሚን መጠን ደግሞ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ወርዷል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ረጅም ሥራ የሚሆነው፣ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ የሚሄደው፣ ሲራመዱ አንደኛው እጅ መወዛወዙን የሚተወው ለዚህ ነው።

የዶፓሚን ሥራ ግን በእንቅስቃሴ አያበቃም። ሌላ መስመሩ የመሻትና የመነሳሳት ስሜትን ይመራል፤ ሰው የጣመውን ነገር ደግሞ እንዲፈልግ ያደርጋል። ሌላው ወደ ፊተኛው የአንጎል ክፍል ሄዶ ትኩረትንና ማቀድን ያግዛል። አንድ አጭር መስመር ደግሞ ፒቱዩታሪ እጢን ይቆጣጠርና ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ ከልክ እንዳያልፍ ይይዘዋል። በአንጎል ግርጌ ያለው የማስመለስ ማዕከል ለዶፓሚን በጣም ስሱ ነው። ኩላሊት ራሱ ዶፓሚን ሠርቶ ጨውን በሽንት ለማስወጣት ይጠቀምበታል። የደም ሥሮችም የዶፓሚንን መልእክት የሚቀበል ተቀባይ አላቸው።

ይህን ማወቅ ለኪኒኑ ተጠቃሚ ቀጥተኛ ጥቅም አለው። በጥቅሉ ውስጥ ታጥፎ የሚገኘው ወረቀት ላይ የሚዘረዘሩት የጎንዮሽ ጉዳቶች አብዛኞቹ የዶፓሚን ሥራዎች ናቸው። ማቅለሽለሹ ከማስመለስ ማዕከሉ ነው። ሲነሱ የሚያጥበረብረው ከደም ሥሮቹ ነው። በድንገት የመጣ የቁማር ወይም የወሲብ ፍላጎት ከመሻት መስመሩ ነው። መድኃኒቱ የተፈለገው ለአንዱ መስመር ነው፤ የሚደርሰው ግን ለሁሉም ነው።

ለምን ዶፓሚን ራሱ አይሰጥም?

«የዶፓሚን መርፌ ሆስፒታል ውስጥ አለ፤ ለምን እሱን አይወጉትም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መርፌው በእርግጥ አለ፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የደም ግፊቱ ለወደቀ ሰው በጠብታ ይሰጣል። ነገር ግን ዶፓሚን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም። ልብንና የደም ሥርን ይነካል እንጂ ስትሪያተም አይደርስም፤ ደም ውስጥም የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ሊቮዶፓ የዶፓሚን አንድ እርምጃ ቀዳሚ ነው። ሰውነት ታይሮሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ሊቮዶፓን ይሠራል፤ ከሊቮዶፓ ደግሞ ዶፓሚንን። ሊቮዶፓ አጥሩን ማለፍ ይችላል፤ ካለፈ በኋላ ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ዶፓሚን ራሱን የቻለ መልእክት አስተላላፊ መሆኑን አሳየ፤ መድኃኒት አፍዝዟቸው የነበሩ እንስሳት ሊቮዶፓ ሲሰጣቸው ተነቃቁ። በ1960 ኦሌ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደጎደለ አረጋገጠ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሊቮዶፓን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በአፍ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ።

ካርቢዶፓ ለምን ተጨመረ? ሊቮዶፓ ብቻውን ሲዋጥ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ በአንጀትና በጉበት ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አንጎል የሚደርሰው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን ከአንጎል ውጭ የተፈጠረው ዶፓሚን ያስመልሳል፣ ግፊትም ይጥላል። ካርቢዶፓ ይህን ለውጥ ከአንጎል ውጭ ያግዳል። እሱ ራሱ አጥሩን ስለማያልፍ ውስጥ ያለውን ሥራ አይነካም። ሁለቱን ማጣመር ብልህ ዘዴ ነው።

የዚህ ጥቅል ትልቁ ጉድለት

ካርቢዶፓ ከአንጎል ውጭ ያለውን ለውጥ በደንብ ለማገድ በቀን ቢያንስ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልጋል። ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ጀማሪ ታካሚ 250/25 ኪኒን ግማሽ ግማሽ እያደረገ በቀን ሦስት ጊዜ ቢወስድ የሚያገኘው ካርቢዶፓ 37.5 ሚሊ ግራም ነው። ከሚያስፈልገው ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ያቅለሸልሸዋል፤ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። የ100/25 ጥቅል የሚወስደው ግን በቀን ሦስት ፍሬ 75 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ ያስገኝለታል፤ ሊቮዶፓውም 300 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። 250/25 ከፍ ያለ መጠን ለደረሰ ሰው የሚመች ጥቅል ነው። ለጀማሪ 100/25 ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ሐኪሙን መጠየቅም ተገቢ ነው። ከጠፋ ደግሞ በ250/25 በግማሽ ኪኒን፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ተጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የሚመጣው ማቅለሽለሽ ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ እንደሚሄድም ለታካሚው አስቀድሞ መነገር አለበት።

አከፋፈሉም ትኩረት ይሻል። መሃሉ ላይ ያለው መስመር ለሁለት ለመክፈል የተሠራ ነው፤ ለአራት መክፈል እኩል ያልሆነ ቁራጭና ብዙ ዱቄት ይተዋል። የኪኒን መቁረጫ ከሌለ በደረቅ እጅ፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በሁለት አውራ ጣት ተጭኖ መስበር ነው። በቢላዋ ሲመታ ግማሹ ወለል ላይ ይቀራል።

ጥቅሉን ሲረከቡ ጽሑፉን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ አምራች 250/25 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው 25/250፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። 275 ወይም 110 የሚል ቁጥር ካለ የሁለቱ ድምር ነው (250 እና 25፣ ወይም 100 እና 10)። ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ሜቲልዶፓ 250 ሚሊ ግራም በሊቮዶፓ ፈንታ መስጠት ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ቁጥሩም አንድ ነው። ሜቲልዶፓ የደም ግፊት መድኃኒት ነው፤ እርጉዝ ሴቶች ሲታዘዝላቸው ይታያል። ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ሲሰጥ ግፊቱን ይጥላል፣ መገተሩንም ሊያብሰው ይችላል። ካርቢዶፓ የሚለው ቃል ጥቅሉ ላይ ከሌለ አይቀበሉ።

ሰዓትና ማዕድ

ካርቢዶፓ እያለም የሊቮዶፓ ግማሽ መጠን ከደም የሚጠፋው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሚመጠጠው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ጨጓራ ውስጥ ታግቶ የቆየ ኪኒን እንዳልተዋጠ ይቆጠራል። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ መዋጥ ደንቡ ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። በአፍ ብቻ የሚጎነጩት ሁለት ጉንጭ ውሃ አይበቃም።

«በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለውን ትእዛዝ ብዙ ቤተሰብ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ ይተረጉመዋል። ለአንቲባዮቲክ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ እዚህ ግን ዋናው የውድቀት ምንጭ ነው። የሚሻለው በሰዓት መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፡30፣ ቀን 5፡30፣ ከሰዓት 10፡30። ቁርሱ 1 ሰዓት ላይ፣ ምሳው 6 ሰዓት ላይ፣ መክሰስ ካለም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሆናል።

አሁን ወደ ጅማ ቁርስ እንምጣ። ፉል በእንቁላል ጠንካራ የፕሮቲን ምግብ ነው። ፕሮቲን በአንጀት ሲፈጭ የሚወጡት አሚኖ አሲዶች ከሊቮዶፓ ጋር አንድ ዓይነት ማጓጓዣ ይጠቀማሉ፤ መጀመሪያ በአንጀት ግድግዳ፣ ቀጥሎ በአንጎል አጥር። መናኸሪያ ላይ አንድ ሚኒባስ ብቻ ሲኖር እንደሚሆነው ነው፤ ብዙ ሰው ከተሻማ ሊቮዶፓ ቆሞ ይቀራል። ማኪያቶም ወተት አለው። ጨጨብሳ ፕሮቲኑ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ቅቤው የጨጓራን ባዶ መሆን ያዘገያል። ከሁሉ የሚቀለው ኪኒኑን ውጦ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ያ የሚከብደው፣ በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰው፣ ከኪኒኑ ጋር ቁራጭ ደረቅ ዳቦ ወይም ጥቂት ቆሎ ቢቀምስ ጉዳት የለውም።

ፕሮቲንን ጨርሶ መተው ግን ስሕተት ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ በራሱ የመክሳት አዝማሚያ አለው፤ ሥጋም፣ ሽሮም፣ ምስርም፣ ወተትም ያስፈልገዋል። መጠኑ ሳይቀነስ ሰዓቱን ማዛወር ነው መፍትሔው። ቀን ላይ እንጀራ በጎመን፣ በድንች፣ በቲማቲም፣ ማታ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ሽሮው፣ ምስሩ ወይም ሥጋው። ይህን ዘዴ የሚፈልገው ቀን ላይ የሚቀጥለው ሰዓት ሳይደርስ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ታካሚ ነው፤ ገና ለጀመረና ደህና ለሚውል ሰው ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ ይበቃል። የጾም ምግብ ፕሮቲን የለውም የሚለው ግምት ልክ አይደለም፤ ሽሮና ምስር ከሥጋ ባልተናነሰ ሁኔታ ይሻማሉ።

ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ኪኒን ሆድ ውስጥ ከሊቮዶፓ ጋር ተጣብቆ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ብረቱን ማታ ማድረግ ይቀላል።

የሆድ ድርቀትም ከዚሁ ጋር ይነሳል። በፓርኪንሰን ሕመም አንጀት ራሱ ይዘገያል፤ በድርቀት የተያዘ ሰው ኪኒኑ ዘግይቶ ይሠራል ወይም ጭራሽ አይሠራም። ውሃ፣ ተልባ፣ ፓፓያ፣ የእግር ጉዞ፣ ካልሆነም በባለሙያ የታዘዘ ማለስለሻ ከኪኒኑ እኩል የሕክምናው አካል ናቸው።

ጾም

በጅማ ረመዷንን ሳይጠቅሱ ስለዚህ መድኃኒት መጻፍ አይቻልም። ከሱሑር እስከ ማፍጠሪያ ያለው ጊዜ ከ13 ሰዓት በላይ ነው፤ ኪኒኑ ደግሞ ገና በጅምር ላይ ላለ ሰው እንኳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው የሚያግዘው። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው የቀኑን መጠን ወደ ሌሊት ጨፍልቆ ቀኑን በጾም ቢውል መገተር፣ መውደቅ፣ ምራቅ መዋጥ ማቃት ይገጥመዋል። ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ በእስልምና የታወቀ ነው፤ ይህ ሕመም ደግሞ በየቀኑ መድኃኒት የሚሻ ነው። በኦርቶዶክስ በኩል ደግሞ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ኪኒኑን በውሃ በሰዓቱ መውሰድ የተለመደ መንገድ ነው። በሁለቱም ወገን የሚያስፈልገው ጾሙ ከመግባቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው። በጾም መጀመሪያ ቀን ራስን ማስተካከል አደገኛ ነው።

ባቄላ፣ ቡናና ጫት

ባቄላ በተፈጥሮው ሊቮዶፓ አለው፤ በተለይ እሸቱና ቅርፊቱ። ይህ እውነት ነው፤ «ታዲያ በኪኒኑ ፈንታ እሸት ባቄላ ልብላ?» የሚለው ግን አያስኬድም። መጠኑ ከዘር ዘር፣ ከአፈር አፈር፣ ከእድሜው ጋር ይለያያል፤ ካርቢዶፓም የለበትም፣ ስለዚህ ያስመልሳል። በእሸት ወቅት ብዙ የበላ ታካሚ ደግሞ ሳይታሰብ ከልክ ያለፈ፣ ሳይፈልግ የሚመጣ የሰውነት ውዝዋዜ ሊያሳይ ይችላል። በተጨማሪም ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል። እንደ ምግብ ትንሽ ትንሽ መብላት ችግር የለውም።

ቡና ወዳጅ ነው። በውስጡ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን ሌላ የነርቭ ኬሚካል ተቀባዮች ይዘጋል፤ አዴኖሲን በስትሪያተም የዶፓሚንን ሥራ የሚያደበዝዝ ስለሆነ መዘጋቱ ለዶፓሚን ይጠቅመዋል። ቡና የሚጠጡ ሰዎች በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ እንደሆነ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የያዘውን ሕመም የሚያድን መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም። ኪኒኑን በውሃ ውጦ ጥቁር ቡና መጠጣት ምንም ክልከላ የለበትም። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ የሚጠጣው ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ታካሚ በማግስቱ ኪኒኑ ይደክምበታል።

ጫት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ከተማ ላይ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከነርቭ ጫፍ ዶፓሚን በግድ ያስለቅቃል። የበርጫው መነቃቃት ከዚያ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው መዛልም እንዲሁ። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ደግሞ የቀሩት የነርቭ ጫፎች ጥቂት ናቸው። ላይ ላዩን የሚነቃቃ ይመስላል፤ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያድራል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ድርቀቱ ይብሳል፣ የልብ ምትና ግፊቱ ይዋዥቃል። በዚያ ላይ ጫት የጨጓራን ባዶ መሆን እንደሚያዘገይና እንደ አምፒሲሊን ያለ መድኃኒት በደንብ እንዳይመጠጥ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል። ሊቮዶፓ ደግሞ በጨጓራ ፍጥነት የሚኖር መድኃኒት ነው። ቅዠትና ጥርጣሬ የጀመረው ታካሚ ጫት የሚቅም ከሆነ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መጠኑን በስሕተት ሊቀንስበት ይችላል። ለሐኪም መንገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አብረው መሄድ የሌለባቸው

ታካሚው ሲያቅለሸልሸው የሚታዘዝለት ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙ ሰው ፕላሲል ብሎ የሚያውቀው፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ የዶፓሚን ተቀባዮችን ይዘጋል። አንዱ መድኃኒት ያመጣውን ሌላው ይሽረዋል፤ ታካሚው ከነበረበት ይብሳል። ዶምፔሪዶን ግን አጥሩን እምብዛም ስለማያልፍ፣ የማስመለስ ማዕከሉ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ፣ እሱ ይሻላል፤ የልብ ምት መዛባት ላለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያየው አይሰጥም። ፕሮሜታዚን፣ ክሎርፕሮማዚን እና ሃሎፔሪዶልም ዶፓሚንን ያግዳሉ። ታካሚው በሌሊት ሲያወራና ሲረበሽ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሃሎፔሪዶል ቢወጋ በማግስቱ አልጋ ላይ ድርቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አስታማሚው «የፓርኪንሰን ኪኒን ይወስዳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በር ላይ ቆሞ መናገር አለበት።

አርቴን፣ በሙሉ ስሙ ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ከዚህ ኪኒን ጋር ሲታዘዝ ይታያል። የሚሠራው በሌላ የነርቭ ኬሚካል፣ በአሴቲልኮሊን፣ ላይ ነው። ዶፓሚን ሲጎድል አሴቲልኮሊን የበላይ ይሆናል፤ አርቴን እሱን ያግዳል። መንቀጥቀጡ ለበዛበት ወጣት ታካሚ ሊጠቅም ይችላል። ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ያግታል፣ ድርቀት ያብሳል፣ ማስታወስ ያደናግራል። ከ70 ዓመት በላይ ላለ አባት አርቴን ተጨምሮ መርሳት ከጀመረ «እርጅና ነው» ከማለት በፊት ይህ መጠየቅ አለበት። በድንገት ማቋረጡም ጥሩ አይደለም፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚወርደው።

ቢ6 ያለበት «የነርቭ ቫይታሚን» ስለሚባለው፣ ቢ6 ሊቮዶፓን ያጠፋል የሚለው ማስጠንቀቂያ ካርቢዶፓ ለሌለበት ዘመን የተጻፈ ነው፤ በዚህ ጥቅል ላይ በተለመደው መጠን አያሳስብም። ፓርኪንሰንን ግን አያክምም።

ምን ያህል ይጠቅማል?

ለእንቅስቃሴ መዘግየትና ለመገተር ከአምስት አምስት ይገባዋል። ለመንቀጥቀጥ ሦስት፤ አንዳንዱ ላይ በደንብ ያቆመዋል፣ አንዳንዱ ላይ እምብዛም። ሚዛን መሳት፣ የንግግር መደብዘዝ፣ በር ላይ ሲደርሱ እግር መሬት ላይ መጣበቅ፣ መርሳት፣ ድርቀት እነዚህን በአብዛኛው አይነካም፤ ምክንያቱም ከፊሎቹ የሚመነጩት ከዶፓሚን ውጭ ካሉ መስመሮች ነው። ሕመሙን አያቆምም፤ «ቶሎ ከጀመርኩ ቶሎ ያልቅብኛል» ብሎ እየተሰቃዩ ማዘግየት ግን ጥቅም የለውም።

ዓመታት ሲያልፉ ሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ማሳጠር ነው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ሳይደርስ ኪኒኑ ያልቃል። የነርቭ ጫፎች በቁጥር እያነሱ ስለሚሄዱ ዶፓሚኑን አከማችተው ቀስ እያሉ መልቀቅ አይችሉም፤ የደም ውስጥ ውጣ ውረድ በቀጥታ በእግር ላይ ይታያል። ሁለተኛው ውዝዋዜ ነው፤ መድኃኒቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ራስ፣ ትከሻ፣ እጅ ሳይፈልጉ ይወዛወዛሉ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ውዝዋዜውን መንቀጥቀጥ መስሎት «በሽታው ጨመረ» ብሎ ኪኒን ይጨምራል፤ ነገሩ ይብሳል። መለያው ቀላል ነው፦ መንቀጥቀጥ እጅ ባረፈበት ጊዜ የሚመጣ፣ ወጥ የሆነ ምት ያለው ነው፤ ውዝዋዜ ምት የለውም፣ እንደ ዳንስ ይፈስሳል፣ ብዙውን ጊዜም ኪኒኑ ከተዋጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጎላል። ለሦስት ቀን በደብተር ላይ በየሰዓቱ ደህና፣ የዘገየ ወይም የተወዛወዘ እያሉ ምልክት አድርጎ ወደ ሐኪም መውሰድ ከማንኛውም ምርመራ ይበልጥ ይረዳል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ መጠኑን አሳንሶ ሰዓቱን ማቀራረብ ነው፤ ያንን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ግፊትን በቤት መከታተል ይቻላል። አምስት ደቂቃ ተጋድሞ ይለካ፣ ከዚያ ቆሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ይለካ። የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ለሐኪም ይነገር፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነ። የሌሉ ሰዎችን ወይም እንስሳትን ማየት፣ ያልነበረ የቁማርና የግዢ ሱስ፣ ድንገት የሚጥል እንቅልፍ ሲታይም እንዲሁ። ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ ያለበት ሰው ለዓይን ሐኪም ሳያሳይ አይጀምር።

ሽንት፣ ምራቅና ላብ ወደ ቡናማ ወይም ቀላ ወዳለ ቀለም ሊለወጥ ይችላል። ነጭ ነጠላ አንገትጌው ላይ፣ የሸሚዝ ብብት ላይ ቡናማ ጥላ የሚቀረው ከዚያ ነው። አይጎዳም፤ ደም ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

አለማቋረጥና አያያዝ

ይህ ኪኒን በድንገት አይቋረጥም። ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው ለቀናት ቢያጣው ኃይለኛ ትኩሳት፣ ብርቱ መገተርና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ይህ ሞት የሚያስከትል ድንገተኛ ሕመም ነው። የመጨረሻው ስትሪፕ ሲጀመር አይደለም መፈለግ የሚጀመረው፤ የሁለት ሳምንት ክምችት ሲቀር ነው። ከገጠር ወረዳ ለሚመጣ ሰው በአንድ ጉዞ የሁለት ወር ማዘዣ መጠየቅ ይቻላል። ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ታካሚ የኪኒኑን ሰዓት ለሰመመን ሰጪው ይንገር።

በጅማ ክረምት ኪኒኑን ከስትሪፑ አውጥቶ በጠርሙስ ማጠራቀም አይመከርም። ሊቮዶፓ በእርጥበት፣ በብርሃንና በአየር ይጠቁራል፤ ቀለሙ የተለወጠ ፍሬ ይጣል። ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከምድጃና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ይቀመጥ። መዋጥ ለሚያቅተው ሰው ተራውን ኪኒን በጥቂት ውሃ አሟምቶ ወዲያው መስጠት ይቻላል፤ ጠዋት አሟምቶ እስከ ማታ ማቆየት አይሆንም። ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት ከተሰጠ ግን መፍጨትም ማኘክም አይቻልም፤ በሚሊ ግራም እኩል ቢሆንም የሚመጠጠው ከተራው ያነሰ ስለሆነ አንዱን በሌላው ቁጥር ለቁጥር መተካትም ስሕተት ነው። ሲረከቡ ይህንን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ተራው ነው ወይስ ቀስ ብሎ የሚለቀው?